እምቢ ስንላችሁ አትቀየሙን

ይድረስ፦ የጥላ ሸራ ለምታሠሩ ባለሱቆች፣ ባለቤቶችና የሕንፃ አስተዳዳሪዎች

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

እኔ የሸራ ገጣሚ ልጅ ነኝ፤ አሁን ራሴም ገጣሚ ሆኛለሁ። ሥራው የቤተሰብ ነው። አባዬ ይለካል፣ ግድግዳ ይበሳል፣ ይገጥማል። እማዬ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። ታናሽ ወንድሜ ብረት ይበይዳል፣ መኪናዋን ይነዳል። እኔ ስልክ አነሳለሁ፣ ዋጋ አወጣለሁ፣ ከዚያ ቀበቶዬን ታጥቄ መሰላል ላይ እወጣለሁ። ስልኩን የማነሳው እኔ ስለሆንኩ ቁጣችሁንም መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ።

ቁጣው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው «አይሆንም» ስንላችሁ ነው። «ዛሬ አይሆንም፣ ነፋስ አለ።» «እዚህ ግድግዳ ላይ አይሆንም።» «ሸራው እንዲህ ከተጋደመ አይሆንም።» ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚች አንዲት ቃል ነው። ሰበብ ትመስላችኋለች። ሥራ የበዛበት ሰው ማምለጫ ትመስላችኋለች። ለእኛ ግን ከምንሰጣችሁ አገልግሎት ዋናው እሷ ናት።

ከግድግዳው ልጀምር። አንድ ጊዜ አንድ ሱቅ በር ላይ ሸራ ልንገጥም ሄድን። ከውጭ ሲታይ ግድግዳው ያማረ ነው፤ ልስኑ ለስላሳ፣ ቀለሙ አዲስ። አባዬ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረገው። ድምፁ አላማረውም። ድሪሉን ለኮሰና መጀመሪያ ልስኑን በሳ። ቀጥሎ ድሪሉ ሊታገል ሲገባው ስልት ብሎ ወደ ውስጥ ሰመጠ። ባዶ ብሎኬት ነው። ከቀዳዳው የወጣው አቧራ እንደ ዱቄት የላላ ነበር። ጠንካራ ኮንክሪት ሲበሳ ድሪሉ ይጮኻል፣ እጅ ያደነዝዛል፣ አቧራውም በትንሽ በትንሹ ነው የሚወጣው። አባዬ ድሪሉን አጥፍቶ ወረደ። «ወይ ከላይ ያለውን ቢም፣ አግዳሚውን የኮንክሪት ተሸካሚ፣ ፈልገን እሱ ላይ እንሰር፣ ወይ ከመሬት የሚነሳ ምሰሶ እናቁም» አለ። ባለቤቱ ምሰሶ አልፈለገም፤ መንገዱን ይይዝበታል። ቢሙ ላይ ከሆነ ደግሞ ሸራው ከሚፈልገው ከፍታ በላይ ይሆንበታል። «ሌላው ሰው እኮ እዚሁ ላይ እገጥማለሁ ብሎኛል» አለን።

ዕቃችንን ሰበሰብን። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ገጠመለት።

ያ ሸራ እስከ ዛሬ አልወደቀም። እውነቱን ልናገር ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ምናልባት የገጠመው ሰው በብሎኬቱ መሃል ደህና ቦታ አግኝቶ ይሆናል፤ ምናልባት እስካሁን ከባድ ነፋስ አልመጣበት ይሆናል። እኔ ግን በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ወደ ላይ አያለሁ። ከሥሩ ሰው ቆሞ ሲያወራ ሳይ ደግሞ እግሬ ይፈጥናል።

ለምን እንዲህ እንደምንፈራ በቁጥር ላስረዳ። 4 ሜትር ስፋት ያለው፣ ከግድግዳው 3 ሜትር ወደ ውጭ የሚወጣ ሸራ 12 ካሬ ሜትር ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ፊት ለፊት ቢያገኘው በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 6 ኪሎ ግራም ይገፋል። ሲደመር ወደ 75 ኪሎ ግራም ነው፤ አንድ ጎልማሳ ሸራው ላይ እንደተንጠለጠለ አስቡት። ነፋሱ 72 ሲገባ ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ፤ ጉልበቱ ግን አራት እጥፍ ሆኖ ወደ 300 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ይህም ብቻ አይደለም። ሸራው ከግድግዳው ርቆ ነው የሚገፋው፤ ስለዚህ እንደ ረጅም መፈንቀያ ይሠራል። በላይኛውና በታችኛው ብሎን መካከል ያለው ርቀት 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ሸራው መሃል ላይ ያረፈው ክብደት ብሎኖቹ ጋ ሲደርስ በ10 ተባዝቶ ነው የሚጎትታቸው። 75 የነበረው 750 ኪሎ ግራም ሆኖ ለያዙት ብሎኖች ይከፋፈላል። እናንተ የምታዩት ጨርቅ ነው። አባዬ የሚያየው ያንን ጉተታ ነው። ባዶ ብሎኬት ውስጥ የገባ ፊሸር፣ ብሎኑን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ፣ ይህን አይችለውም።

አንዳንዴ ቀዳዳ በስተን፣ በብሩሽ ጠርገን፣ አቧራውን በፓምፕ ነፍተን፣ ማጣበቂያ ኬሚካል ሞልተን፣ ብሎኑን ከትተን ቁጭ እንላለን። ያኔ የምንሰማት ጥያቄ አለች፦ «ምነው ተቀመጣችሁ?» ኬሚካሉ እስኪጠነክር እየጠበቅን ነው። ቀኑ ቀዝቃዛ ከሆነ መጠበቁ ይረዝማል። ሳይደርቅ ዳዶውን ብናጠብቀው ለዓይን ምንም የሚለይ ነገር የለውም፤ ሸራው ይሰቀላል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ሁላችንም ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ውስጥ ያለው ነገር ግን ተበላሽቷል። ስለዚህ ስንቀመጥ ሥራ ላይ ነን።

ስለ ነፋስ ደግሞ አባዬ መሣሪያ ሳይኖረው ዛፍ እያየ ነው ያደገው። ቅጠል ብቻ ከተንቀሳቀሰ ይሠራል። ትንንሽ ዛፎች መወዛወዝ ሲጀምሩ ያቆማል። በኋላ ሳነብ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ፍራንሲስ ቦፎርት እ.ኤ.አ. በ1805 ያወጣው የነፋስ መለኪያም ዛሬ በየብስ ላይ የሚነበበው በዚሁ መንገድ መሆኑን አወቅሁ። ትንንሽ ዛፎች የሚወዛወዙበት 5ኛው ደረጃ ነው፤ በሰዓት ከ29 እስከ 38 ኪሎ ሜትር። ትልልቅ ቅርንጫፎች ሲነቃነቁና ጃንጥላ መያዝ ሲያስቸግር 6ኛ ደረጃ ገብቷል። የአውሮፓው ኢኤን 13561 የተባለው መስፈርትም ሸራዎችን በሚችሉት ነፋስ ልክ በደረጃ ይመድባል፤ ደረጃ 2 የተሰጠው ሸራ የሚችለው እስከዚያው 5ኛ ነፋስ ድረስ ነው። ይህ እንግዲህ ሥራው ያለቀለትና በደንብ የታሰረ ሸራ ነው። ገና በሰው እጅ ያለ፣ ግማሹ ብቻ የተንጠለጠለ ሸራ ደረጃ የለውም።

ሸራ የነፋስ ጉዳይ መሆኑን የጥንት ሰዎችም ያውቁት ነበር። ሮም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ80 የተመረቀው ኮሎሲየም ተመልካቹን ከፀሐይ የሚከልል ግዙፍ ሸራ ነበረው፤ እሱን እንዲዘረጉና እንዲያጥፉ የተመደቡት መርከበኞች ነበሩ። ይህን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። ገመድና ነፋስ የሚያውቅ ሰው ነው የተፈለገው። አባዬ ዛፍ ሲያይ እነሱ ትዝ ይሉኛል።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቤት በማግስቱ የሚከፈት ነበር። ቀኑን በስልክ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ብረቱ ዘግይቶ ስለደረሰ የጀመርነው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ነፋሱ ተነስቷል። አባዬ ዛፎቹን አይቶ «ነገ በጠዋት ገብተን እንጨርስልህ» አለ። ባለቤቱ «እንግዳ ጠርቻለሁ፤ ቃል ገብታችሁልኝ የለ እንዴ?» አለ። እውነቱን ነው፣ ቃል ገብተናል። አባዬ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ምንም ሳይናገር መሰላሉን አነሳ።

ሸራው የተጠቀለለበት ረጅም ቱቦ አንዱ ጫፍ ማቀፊያው ላይ ገብቷል። ሌላውን አባዬ በደረቱ ደግፎ ሊያስገባው ነው። እኔ ከሥር ሆኜ የፊተኛውን ብረት ይዣለሁ። ጨርቁ ትንሽ ተዘርግቶ ነበር፤ አንድ ሜትር ቢሆን ነው። ነፋሱ ከሥር ገባበት። ብረቱ ከእጄ ወጥቶ ወደ ላይ ሄደና የአባዬን ደረት መታው። መልቀቅ ይችል ነበር። አልለቀቀም፤ ከሥር እኔ ነበርኩ። የመሰላሉ እግር ተንሸራተተ።

የወደቀው ከሁለት ሜትር ተኩል ያህል ነው። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለው ድምፅ የእሱ መውደቅ አይደለም፤ ከኪሱ ወጥቶ ንጣፉ ላይ ሲንከባለል የነበረው መፍቻ ነው። ቂል ቂል ቂል እያለ ደረጃውን ወረደ። የእጅ አንጓው ሁለት ቦታ ተሰብሯል። አባዬ ቀና ብሎ መጀመሪያ የጠየቀው «ሸራው ተቀደደ?» ብሎ ነው።

ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም። ሮጦ መጥቶ ኮቱን አውልቆ ከአባዬ ራስ ሥር አደረገለት። ወደ ሕክምና የወሰደንም እሱ ነው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በኋላም እየደወለ ጠይቆታል። ይህን የምነግራችሁ እሱን ለመውቀስ አይደለም። ያን ቀን ከመካከላችን አንድም ክፉ ሰው አልነበረም፤ አባዬ ግን ወደቀ። ለአራት ወር ድሪል መያዝ አልቻለም። አሁንም ብርድ ሲሆን ካቻቢቴ ለማጥበቅ እጅ ይቀይራል። እኔ እንዳላይ ዞር ብሎ ነው የሚቀይረው፤ አያለሁ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ከሥር ቆሜ ነፋሱን እያየሁ «አባዬ፣ ውረድ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ትልቅ ድርጅት ቢሆን የደህንነት ኃላፊ የሚባል ሰው አለ፤ ሥራ ያስቆማል። በቤተሰብ ሥራ ውስጥ አለቃህ ያሳደገህ ሰው ነው። ድሪል አያያዝ ያስተማረኝን ሰው በእንግዳ ፊት «ተው» ልለው አንደበቴ አልታዘዘኝም። እሱም እኔ ፊት «ፈራሁ» ማለት አልቻለም። ሁለታችንም እየተያየን ዝም አልን። የቤተሰብ ሥራ ጥሩ ጎኑ ብዙ ነው፤ ሌሊት እንኳ አብረን እናስባለን፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ሳይጠየቅ ይነሳል። ይህ ዝምታ ግን የኛ ሕመም ነው። እንደኛ ከአባት ወይም ከባል ጋር መሰላል የሚወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ አወጣን። ማንም ይሁን ማን «ቁም!» ካለ ሁሉም እጁን ያቆማል፣ ከላይ ያለው ይወርዳል። ለምን ተብሎ የሚጠየቀው መሬት ላይ ነው። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ብሏታል። አንዱ ልክ ነበር፤ መሰላሉ የቆመበት ንጣፍ ተሰንጥቆ ነበር። ሁለተኛው በከንቱ ሆነ። አባዬ ከላይ ወርዶ፣ አይቶ፣ ምንም እንደሌለ አረጋግጦ የወንድሜን ትከሻ መታ መታ አደረገና ተመልሶ ወጣ። አልተቆጣም። ያን ቀን ለአባዬ ያለኝ ክብር ጨመረ።

ነገር ግን ይህች ሕግ የምትሠራው ከውጭ የሚገፋን ከሌለ ነው። «ቁም» ብለን ስንወርድ ሰዓቱን እያየ «ኧረ ባካችሁ!» የሚል ሰው በሩ ላይ ከቆመ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቃሉ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው ወደ እናንተ የጻፍኩት።

ወንድሜን ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። የ15 ዓመት ልጅ ሆኖ ዕቃ ሲያቀብለን ስንት ደንበኛ «ልጁ ቀላል ነው፣ እሱ ይውጣና ቶሎ ጨርሱ» እንዳለን! አባዬ አንድም ቀን አልፈቀደም። 18 እስኪሞላው እግሩ መሰላል አልረገጠም፤ ልጁም በጣም ይናደድ ነበር። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 አስከፊ የሕፃናት ሥራን ለማስወገድ ስምምነት ቁጥር 182ን ሲያወጣ፣ አብሮ ባወጣው ምክረ ሐሳብ ውስጥ አደገኛ ከፍታ ላይ መሥራትን ልጆችን ከሚጎዱ ሥራዎች ተርታ አስቀምጦታል። ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ2020 የድርጅቱ አባል አገራት በሙሉ አጽድቀውታል። የራስ ልጅ መሆኑ ከፍታውን አያሳጥረውም። እባካችሁ፣ ከእኛ ጋር ልጅ ስታዩ ውጣ አትበሉት።

እማዬ ወደ እናንተ ስለማትመጣ አታውቋትም። ያረጀ ሸራ «ስፌቱን ብቻ አድሱልን» ብላችሁ ስትልኩ ስፌቱን በጥፍሯ ትጭረዋለች። ክሩ እንደ ዱቄት ከረገፈ፣ የተቀደደችዋን ቦታ ብቻ አትሰፋም፤ ሁሉንም ትፈታዋለች ወይም ትመልሰዋለች። አክሪሊክ ጨርቁ ገና ጤነኛ ሆኖ ፖሊስተር ክሩ ቀድሞ በፀሐይ ያልቃልና። አንዷን ቦታ ብቻ ብትጠግነው በሚቀጥለው ወር ጎኑ ይሄዳል። «አስወደደችብን» ብላችሁ የቀራችሁ አላችሁ። ክር በክር አብሬያት ስለምፈታ አውቃለሁ፤ ለገንዘብ ብላ አይደለም።

ሌላው የምንጣላበት ነገር የሸራው ቁልቁለት ነው። «ፊቱን ከፍ አድርጉት፣ የሱቁን ስም ሸፈነብኝ» ትሉናላችሁ። እኛ ደግሞ ቢያንስ 14 ዲግሪ ያህል ማዘንበል አለበት እንላለን፤ በየአንዱ ሜትር ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። ከዚያ ከቀነሰ የዝናብ ውኃ አይወርድም፤ መሃሉ ላይ ይተኛል። ውኃ ሲተኛ ጨርቁ ይረግባል፣ ሲረግብ የበለጠ ውኃ ይይዛል። ሁለት ካሬ ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውኃ ከተኛ 200 ኪሎ ግራም ነው። የሱቁን ስም ዝቅ አድርጎ መስቀል ወይም ሸራው ጠርዝ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ በደስታ እንሠራላችኋለን። ዝናብ ሲመጣም ሸራውን ሰብስቡት። እርጥቡን ከሰበሰባችሁት ደግሞ ዝናቡ ሲያባራ መልሳችሁ ዘርጉትና ይድረቅ፤ አለዚያ ሻጋታ ይይዘዋል።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም እለምናችኋለሁ። ክንዱ የሚታጠፍ ሸራ ካላችሁ ራሳችሁ አትፍቱት። ክንዱ ውስጥ የተወጠረ ሞላ አለ። ጨርቁ ወይም የፊተኛው ብረት ሲለቀቅ ክንዱ በአንድ ጊዜ ይፈናጠራል። እኛ መጀመሪያ ሁለቱን ክንዶች አጥፈን በቺንጋ እናስራለን፤ ከታሰሩ በኋላ ነው ሌላ ብሎን የምንነካው። ጎረቤት በመፍቻ ሊረዳችሁ ቢመጣ አመስግናችሁ መልሱት።

ሥራችንን እወደዋለሁ። ሸራ ተገጥሞ መጀመሪያ ሲዘረጋ ጥላው መሬት ላይ ይወርዳል፤ በር ላይ የቆመው ሰው ሳያውቀው አንድ እርምጃ ወደ ጥላው ይገባል። ይህን ስንት መቶ ጊዜ አይቼ አልሰለቸኝም። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው የመስኮት ሸራ በበጋ የሚገባውን የፀሐይ ሙቀት ወደ ደቡብ በሚያይ መስኮት እስከ 65 በመቶ፣ ወደ ምዕራብ በሚያይ ደግሞ እስከ 77 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ለሰው ጥላ የሚሰጥ ሥራ ነው። እኛ ግን ቀኑን ሙሉ የምንውለው ጥላው ከመኖሩ በፊት ባለው ፀሐይ ላይ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የመክፈቻ ቀናችሁ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ሸራው እንዲያልቅ አድርጋችሁ ጥሩን፤ አንድ ነፋሻማ ቀን ቢመጣ የምናሸሽበት ቦታ ይኑረን። ስለ ግድግዳው የምታውቁትን ንገሩን፤ ከልስኑ ሥር ብሎኬት ይሁን ኮንክሪት፣ ኤሌክትሪክ በየት በኩል እንዳለፈ። የሕንፃ አስተዳዳሪዎች፣ ቢሙና ኮለኑ (ቋሚው የኮንክሪት ምሰሶ) የት እንዳለ የሚያሳየውን ፕላን መሳቢያ ውስጥ አትቆልፉብን። ዋጋ ስታወዳድሩ «ስንት ቀን ይፈጃል?» ብቻ አትበሉ፤ «ምን ላይ ታስሩታላችሁ?» ብላችሁም ጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ ወዲያው የሚመልስላችሁን ሰው ሥራውን ስጡት፤ እኛ ባንሆንም ግድ የለም።

የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አድርጎታል። ያነበብኩ ቀን ለአባዬ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «እኛንም ይጨምራል?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ከእንግዲህ የምሰጣችሁ የሥራ ቀን ሁሉ «ነፋስ ከሌለ» የሚል ይኖርበታል። ጠዋት ደውዬ «አባዬ ዛፎቹን አይቷል፣ ነገ ይሁንልን» ካልኳችሁ፣ እባካችሁ «እሺ» በሉኝ። እኔም ስልኩን ዘግቼ «እሺ ብለዋል፣ ውረድ» እለዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሸራ ገጣሚው ልጅ